ተማሪው የት ይምረጥ? ከደሴ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በወሎ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ከተሞች ስለሚኖሩ ተማሪዎች የመራጭነት ምዝገባና የድምፅ አሰጣጥ

ክቡራንና ክቡራት የቦርዱ አመራር አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በደሴ ከተማ እያስተማርሁ የምኖር፣ ቤቴም ተማሪዎች ክፍል በሚከራዩበት ሰፈር የሚገኝ ዜጋ ሆኜ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። በመንግሥት ምደባም ሆነ በራሳቸው ምርጫ ለትምህርት ወደ ወሎ ከተሞች መጥተው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ጋር የሚያሳልፉ ወጣቶች በሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ ድምፃቸውን እንዲሰጡ፣ ዝግጅቱ ለምርጫው ሳምንት ሳይተው ከምዝገባው አስቀድሞ እንዲጀመር፣ ለየትኛው ምርጫ ክልል እንደሚመርጡም በጊዜ እንዲነገራቸው እጠይቃለሁ።

ወሎ ዛሬ የተማሪ አገር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራሉ። በእነዚህ ላይ የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ፣ የጤናና የቴክኒክ ኮሌጆች፣ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ የግል ኮሌጆችም አሉ። በግቢ ዶርም የሚያድረው ተማሪ ቢያንስ ስሙ በአንድ መዝገብ ሰፍሮ ይገኛል። ከሰው ግቢ ክፍል ተከራይቶ የሚማረውን ግን የሚያውቁት አከራዩ፣ የሰፈሩ ባለሱቅና የባጃጅ ሾፌሩ ብቻ ናቸው። ስለ ተማሪ መራጮች ሲነገር ይህኛው ተማሪ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እኔ በተለይ የምሟገተው ለእሱ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 የተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የዋለው ሰኞ ነበር። የግንቦት 7 ቀን 1997፣ የግንቦት 15 ቀን 2002 እና የግንቦት 16 ቀን 2007 ምርጫዎች እሑድ የዋሉ በመሆናቸው፣ በሥራ ቀን ሰው ሁሉ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲያቀና ማየት ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር ከሱብሂ ሶላት የወጡትና ኪዳን አድርሰው የመጡት ገና ጎህ ሳይቀድ በአንድ ሰልፍ ቆመዋል። ዓይናቸው የደከመ አንዲት ጎረቤታችንም መጥተው ነበር፤ ክንዳቸውን ይዛ ያደረሰቻቸው ከለጋምቦ መጥታ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል የተከራየች፣ በአንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ የምትማር ልጅ ናት። እንዲህ ያለ መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ እንዲገባ ስለሚፈቀድ ልጅቷ አብራቸው ገባች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱንና የክልሉን ምክር ቤት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበችላቸው፣ በፈለጉት ምልክት አጠገብ ጣታቸውን አሳረፈችላቸው፣ ወረቀቶቹን አጣጥፋ ወደ ሣጥኑ እንዲከቱ እጃቸውን መራች። ሲወጡ የእሳቸው ጣት ቀለም ተቀብቷል፤ የእሷን ግን ማንም አልነካውም። እማማ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ በሩ ላይ ቆመው፣ «እሷስ? እኔው ቤት አይደለም እንዴ የምትኖረው?» ብለው ጠየቁ። አስመራጩ በትሕትና፣ «አልተመዘገበችም፣ እማማ» አላቸው። በዚያ ሰዓት ከዚህ ሌላ ሊል የሚችለው ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ሳትመዘገብ የቀረችው በቸልተኝነት አልነበረም። በምዝገባው ወቅት የትውልድ ወረዳዋን መታወቂያና የኮሌጁን መታወቂያ ይዛ ሄዳ ነበር። የጠየቋት የዚህን ቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ ነው። መታወቂያውን ለማውጣት ደግሞ ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባት። ለመሸኛው ለጋምቦ ደርሳ ለመመለስ የሆስፒታል ልምምዷን ማቋረጥ ሊኖርባት ነው። ብትሄድስ? መሸኛ የወሰደ ሰው ከቤተሰቡ ቅጽ ላይ ስሙ ይነሣል። ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ ወላጆቿ ለመመለስ ያሰበች የ20 ዓመት ልጅ፣ አንድ ቀን ድምፅ ለመስጠት ስትል የትውልድ ቀበሌዋን መዝገብ እንድትለቅ መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ነዋሪነትን ማስመዝገብና መራጭነትን ማስመዝገብ የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ በሥራ ላይ አንዱ የሌላው በር ጠባቂ ሆኗል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ደንግጓል። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለ6 ወራት የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ልዩ የምርጫ ጣቢያዎች እንዲቋቋሙም መንገድ ይከፍታል። የስድስት ወሩ መስፈርት ለነባር ነዋሪ ምንም ጭንቅ የለውም። ኅዳር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢ የገባ ፍሬሽማን ግን ስድስት ወሩ የሚሞላው ግንቦት ላይ ነው። ምዝገባው በመጋቢትና በሚያዝያ ተጀምሮ ከተጠናቀቀ ይህ ወጣት እዚህ ጊዜው አልሞላለትም፤ ከትውልድ አካባቢውም ርቋል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጠው ሰው በሁለት ምርጫ ክልሎች መካከል ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ ቦርዱ በመመሪያው ለእንዲህ ያለው ተማሪ በግልጽ መልስ ሊሰጠው ይገባል፤ ውሳኔው በየምዝገባ ጣቢያው ለተቀመጠ አንድ ባለሙያ ግምት ሊተው አይገባም።

በሰፈራችንም በሻይ ቤቱም አንድ ተቃውሞ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ «ተማሪ እንግዳ ነው፤ መርጦልን ይሄዳል፣ መዘዙን የምንችለው እኛ ነን» ይባላል። ይህን የሚሉትን ሰዎች አከብራቸዋለሁ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ያደገን ልጅ ደሴ ሄደህ ተማር ብሎ የመደበው መንግሥት ነው። መንግሥት በምደባ ያመጣውን ዜጋ ሌላው የመንግሥት አካል እንግዳ ነህ ሊለው አይችልም። ደግሞስ ዘንድሮ አንዱ ተመርቆ ቢሄድ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላው ይተካዋል፤ ዶርሙም የኪራይ ክፍሉም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ውኃ ሲጠፋ ከእኛ ጋር ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል፣ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ሲንር ከእኛ ጋር ይጎዳል፣ መንገድ ሲዘጋ ከእኛ ጋር ይታገታል። የዩኒቨርሲቲውን በጀት የሚያጸድቀውም እኛ እንደራሴ የምንልክበት ያው ምክር ቤት ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው የሁለቱ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ነገር መሆኑን አልክድም። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ለፌዴራሉ ምክር ቤት እዚህ ቢመርጥ ብዙ ሰው ቅር አይለውም፤ ለአማራ ክልል ምክር ቤት ይምረጥ ሲባል ግን ክርክር ይነሣል። የእኔ አቋም፣ የመኖሪያ ጊዜውን ያሟላና እዚህ መምረጥን የፈቀደ ተማሪ እንደማንኛውም ነዋሪ ሁለቱንም ወረቀቶች ይቀበል የሚል ነው፤ ለትውልድ አካባቢው መምረጥ የሚሻው ደግሞ በልዩ ጣቢያ በኩል ድምፁ ወደዚያ የሚደርስበት መንገድ ይበጅለት እላለሁ። ቦርዱ ከዚህ የተለየ ሊወስን ይችላል። በማንኛውም በኩል ቢወሰን ግን ውሳኔው አንድ ዓይነት ሆኖ በደሴም በወልድያም በኮምቦልቻም በእኩል ይሠራበት። አንድ ተማሪ በአንዱ ጣቢያ «ትችላለህ» ተብሎ የክፍል ጓደኛው በሌላው «አትችልም» ሲባል፣ ወጣቶቹ ከሕጉ ይልቅ የሰው ፊት ማየት ይለምዳሉ።

ይህች ከተማ ድምፅ የሌለውን ተማሪ ታውቀዋለች። በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የመምረጫ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው የወይዘሮ ስኂን ተማሪዎች በአገር ጉዳይ ድምፃቸውን ማሰማት በጀመሩባቸው ዓመታት አብዛኞቹ በምርጫ ሣጥን የሚናገሩበት ዕድሜ ላይ አልደረሱም ነበር፤ ያላቸው አደባባዩ ብቻ ነበር። ዛሬ 18 ዓመት ልጁ ኮሌጅ የሚገባበት ዕድሜ ነው። መብቱና ትምህርቱ በአንድ ዓመት እጁ የገቡለት ወጣት፣ አንዱን ሲይዝ ሌላው የሚያመልጠው ከሆነ የዕድሜው ዝቅ ማለት ለእሱ ፋይዳ አላመጣለትም።

ከሁሉ በላይ ቦርዱ እንዲያስብበት የምለምነው የዘመን መቁጠሪያውን ነገር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን፣ አዲስ ምርጫም የምክር ቤቱ ዘመን ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት መጠናቀቅ አለበት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይለቅ ሲባል የምርጫው ቀን ግንቦትና ሰኔ ላይ ያርፋል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ በግቢዎቻችን የፋይናል ፈተና ወራት ናቸው። ተመራቂዎቹ የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ነባር ተማሪዎች ለተፈታኞቹ ዶርማቸውን ለቀው ወደየቤታቸው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። መጋቢት ላይ ደሴ ግቢ ውስጥ ካርድ ያወጣ ተማሪ በምርጫው ቀን ጅማ ቤተሰቦቹ ዘንድ ከተገኘ፣ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ያለ ወረቀት ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ቦርዱ የምርጫውን ሰሌዳ ሲያወጣ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ተቀምጦ ተማሪዎች በምርጫው ቀን የት እንደሚሆኑ አስቀድሞ ይወቅ። ግቢ የሚለቁ ከሆነ ምዝገባቸው ወደሚሄዱበት ቦታ የሚዛወርበት፣ ረጅም ምልልስ የማይጠይቅ አሠራር ይዘርጋላቸው።

የመታወቂያውን ጉዳይ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የኮስት ሼሪንግ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ተቆርጦ የሚከፈል ዕዳ ነው። ለዚህ ውል የበቃው ማንነቱ ለመራጭነት ምዝገባ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። የተማሪ መታወቂያ ከሬጅስትራር ወይም ከዶርም ፕሮክተር ማረጋገጫ ጋር፣ ግቢ ለማያድረው ደግሞ የአከራዩና የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ቢታከልበት በቂ ሊሆን ይገባል። በ2015 በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ መሠረት የፋይዳ ቁጥር ያለው ተማሪም ማንነቱን ማረጋገጥ አይቸግረውም። ሆኖም ፋይዳ ብቸኛው በር እንዳይሆን አደራ እላለሁ፤ ከዋድላ ወይም ከወግዲ ገጠር የመጣ ልጅ እስካሁን ላያገኘው ይችላል።

ወሎ ውስጥ ሰነድ የጠፋበት ሰው ብዙ መሆኑም ይታሰብልን። ምርጫው ከተካሄደ ገና ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ወልድያን፣ በጥቅምት 2014 ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ። ከተሞቹ እስኪለቀቁ በቆየው ጊዜ ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ የልጁን የልደት ካርድና ትራንስክሪፕት ሁልጊዜ አስታውሶ አይዝም። ዛሬም ቢሆን ሰላማችን ሙሉ አይደለም፤ አንድ ተማሪ ለአንድ ወረቀት ሲል ወደ ትውልድ ቀበሌው በመኪና እንዲመላለስ ማዘዝ በአንዳንድ መንገዶች ላይ ሕይወቱን አስይዞ ይሂድ ማለት ነው። ሰነድ አምጣ የሚለው ባለሙያ ይህን እያወቀ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወደ ምርጫው ቀን ስመለስ የመዝገቡን አጻጻፍ ሳላነሣ አላልፍም። በወሎ መሐመድ ሰይድና ሰይድ መሐመድ፣ አሊ ሁሴንና ሁሴን አሊ የሚባሉ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ብዙ ናቸው። በዚያው ጠዋት ከፊቴ የነበረ አንድ ወጣት ተራው ደርሶ ካርዱን ሰጠ፤ አስመራጯ በእጅ የተጻፈውን መዝገብ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ፈለገች፣ ገጹን ገልብጣ እንደገና ፈለገች፣ አጣችው። ካርዱ ላይ «መሐመድ» ነው፤ መዝገቡ ላይ «ሙሃመድ» ተብሎ ሌላ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ልጁ ከሰልፉ ወጥቶ ግድግዳው ሥር እንዲጠብቅ ተደረገ። ከኋላ የቆሙት አባቶች «አብሽር፣ ይገኛል» እያሉ አጽናኑት፤ ኋላም ተገኘ። ያ ልጅ ታግሦ ጠበቀ እንጂ ክፍለ ጊዜ ወይም ፈተና ቢኖርበት ጥሎ ይሄድ ነበር። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ መዝገቡ የአያት ስምን ይያዝ፣ ፍለጋውም በስም ሳይሆን በካርዱ ተራ ቁጥር ይጀመር።

ስለ ሰልፉም ስሌቱ ራሱ ይናገራል። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። አንድ ጣቢያ 1,500 ሰው ቢመዘግብና ሁሉም ቢመጡ ለአንድ መራጭ የሚደርሰው 29 ሰከንድ ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜ ስሙ ይፈለጋል፣ ይፈርማል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሁለት ወረቀት ይቀበላል፣ ቀጣዩም ይጠራል። በ2013 የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተራዘመውም በየቦታው ሰልፉ አላልቅ በማለቱና ቁሳቁስ በማነሱ ነበር። ተማሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ አይመጣም፤ ካፌው ቁርስ ጨርሶ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። በግቢ ውስጥና በኪራይ ሰፈሮች የሚከፈቱ ጣቢያዎች ይህን ታሳቢ አድርገው ቁጥራቸው ይጨምር፤ በእያንዳንዱም ከአንድ በላይ የምስጢር ድምፅ መስጫ ይኑር።

የግቢ ውስጥ ጣቢያ ሲባል የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። ተማሪው መምህሩን፣ ፕሮክተሩንና የጥበቃ ሠራተኛውን ዘወትር ያያል፤ ውጤቱም ዶርሙም በእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ በግቢ ጣቢያ የሚያስመርጡት ሰዎች ከግቢው አስተዳደር ውጭ ይሁኑ፤ የምስጢር መስጫው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ታዛቢዎችና የዕጩ ወኪሎች እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይግቡ፤ ቆጠራው እዚያው ተደርጎ ውጤቱ በሩ ላይ ይለጠፍ። በአንጻሩ ከግቢ ውጭ ባሉ ጣቢያዎች የሠለጠኑ ተማሪዎች አስመራጭ ሆነው ቢሠሩ ለሥራው ጉልበት ይሆናሉ፤ መዝገብ በፍጥነት ማንበብም መጻፍም ይችላሉ።

ምላሹን ለእኔ በግል መጻፍ አያስፈልግም። ምዝገባው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ በአማርኛም ተማሪዎቹ በሚናገሯቸው ሌሎች ቋንቋዎችም የተጻፈ ማስታወቂያ በየዩኒቨርሲቲው ካፌ በር፣ በየግል ኮሌጁ ሰሌዳና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። ማስታወቂያው ተማሪ የት ይመዘገባል፣ ምን ይዞ ይቀርባል፣ ለየትኛው ምርጫ ክልል ይመርጣል፣ ከተማውን ለቆ ቢሄድስ ምን ያደርጋል ለሚሉት አራት ጥያቄዎች መልስ ይስጥ፤ መልስ ያላገኘ ሰው የሚደውልበት ስልክም ይኑረው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

በደሴ ከተማ ነዋሪ የሆነ መምህር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለወሎ፣ ለወልድያና ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ኅብረቶች
በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ቤታቸውን ለተማሪ ለሚያከራዩ ነዋሪዎች